ዋት ፖ፦ የባንኮኩ ንጉሣዊ ገዳም

ባንኮክ ሲባል የብዙ ሐበሻ ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሆስፒታል ነው። ወደዚያ ከሚበረው ሰው ብዙው አንድም ታማሚ፣ አንድም አስታማሚ፣ አንድም ዕቃ ሊያመጣ የወጣ ነጋዴ ነው። በምርመራውና በውጤቱ መሃል ደግሞ ሁለትና ሦስት ባዶ ቀን አይጠፋም። ይህን ዳሰሳ ያሰባሰብኩት ለእነዚያ ቀናት ቢጠቅም ብዬ ነው። በአማርኛ ስለ ዋት ፖ የተጻፈ ነገር ብፈልግ "ትልቅ የተኛ ቡድሃ አለ" ከሚል የፎቶ መግለጫ ያለፈ አጣሁ። ቡድሃው አለ፤ ትልቅም ነው። ሰው የሚያልፈው ግን ዋናውን ነው፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታይዎቹ ራሳቸው ዘመን የሚቆጥሩት ከቡድሃ ሞት ተነሥተው ስለሆነ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማሉ። እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ እነሱ አምስት መቶ ምናምን ዓመት ወደ ፊት።

ስሙ

በላቲን ፊደል አጻጻፉ የተነሣ ብዙ ሰው "ዋት ፎ" ይላል። ትክክሉ ዋት ፖ ነው። ድምፁ ትንፋሽ የተከተለው ፕ እንጂ ፍ አይደለም። ፑኬትን "ፉኬት" የምንለውም በዚሁ ስህተት ነው።

"ዋት" የሚለውን ቤተ መቅደስ ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። እኔ ግን ገዳም ማለቱን እመርጣለሁ። አጥር አለው፣ መነኮሳት ይኖሩበታል፣ አበምኔት አለው፣ ተማሪ አለው። ቤተ መቅደሱ በግቢው ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ነው። "ፖ" ከጥንታዊ ስሙ ከፖታራም ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ቡድሃ ብርሃን አገኘበት የሚባለውን ዛፍ ያስታውሳል። ኦፊሴላዊ ስሙ ዋት ፕራ ቼቱፖን ዊሞን ማንግክላራም ራቻዎራማሃዊሃን ይባላል። ቼቱፖን በህንድ ቡድሃ ያስተማረበት የጄታቫና አትክልት ስም ነው። መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለው ረጅም ቃል ደግሞ ማዕረግ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ንጉሣዊ ገዳማት ከሚያገኙት ሁሉ ከፍተኛው። የከተማው ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ዋት ፖ ይላል። ለባጃጅ ሾፌር ያንን ስም አንብቦ የሚጨርስ ሰው ካለ ቢያንስ ሻይ ይገባዋል።

ከአዩታያ እስከ ቀዳማዊ ራማ

ገዳሙ በዕድሜ ከባንኮክ ይበልጣል፤ ዋና ከተማዋ ገና አዩታያ በነበረችበት ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ምናልባትም በንጉሥ ፔትራቻ ጊዜ እንደተተከለ ይገመታል።

ታሪኩ የሚጠራው ከ1782 ወዲህ ነው። በ1767 የበርማ ጦር አዩታያን አቃጥሎ አፈረሳት። ንጉሥ ታክሲን ዙፋኑን ወደ ቶንቡሪ፣ ከቻው ፕራያ ወንዝ ምዕራብ፣ አዛወረ። ከእሱ በኋላ የነገሠው ቀዳማዊ ራማ በ1782 ወንዙን ተሻግሮ በምሥራቁ ዳር አዲስ ከተማ ቆረቆረ። በቦታው ይኖሩ የነበሩት ቻይናውያን ነጋዴዎች ወደ ሳምፔንግ እንዲሄዱ ተደረገ፤ የዛሬው ቻይና ታውን የመጣው ከዚያ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲሠራ በስተ ደቡብ ያረጀ ገዳም ነበር። ፖታራም ማለት ነው። ንጉሡ አድሶ፣ አስፍቶ፣ ስሙንም ቀየረው። ሥራው 7 ዓመት ከ5 ወር ከ28 ቀን እንደፈጀ የድንጋዩ ጽሑፍ ይናገራል። በ1801 ተጠናቀቀ። ቀኑን ሳይቀር የቆጠረ ጸሐፊ መኖሩ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ቀዳማዊ ራማ ሌላም አደረገ። በፈረሱት በነአዩታያና በነሱኮታይ ዝናብ ሲመታቸው የነበሩ ከ1,200 የማያንሱ የቡድሃ ምስሎችን አስመጥቶ እዚህ ሰበሰበ። ከእነሱ ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉት ዛሬም በዋናው ቤተ መቅደስ ዙሪያ ባለው ደጀ ሰላም ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወርቅ ስለተቀቡ አንድ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላየ ግን ፊታቸው ይለያያል፤ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ክብ፣ የአንዱ ቅንድብ ከአፍንጫው ጋር የተያያዘ። ከተለያየ ዘመንና ከተለያየ ሀገር የመጡ ስደተኞች ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ፕራ ሲ ሳንፔት የተባለው ነው። በአዩታያ ቤተ መንግሥት ግቢ የቆመ፣ ቁመቱ 16 ሜትር የሆነ፣ በወርቅ የተለበጠ ቡድሃ ነበር። የበርማ ወታደሮች ወርቁን ለማቅለጥ እሳት ለቀቁበት። ቀዳማዊ ራማ የቀረውን ነሐስ ወደ ባንኮክ አስመጥቶ እንደገና ሊያስቀልጠውና ሊያሠራው ፈለገ። የሃይማኖት ሰዎቹ ግን የቡድሃን አካል እሳት ውስጥ መጨመር ነውር ነው አሉት። እሱም ባለበት ቀብሮ በላዩ ላይ ቼዲ፣ ማለትም ሾጣጣ የመታሰቢያ ግንብ፣ አሠራበት። አረንጓዴ ሸክላ የለበሰውና 42 ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ነው።

ከጎኑ ሦስት ተመሳሳይ ቼዲዎች ቆመዋል። ነጩ ለዳግማዊ ራማ፣ ቢጫው ለሣልሳዊ፣ ሰማያዊው ለራብዓዊ። አምስተኛ የለም። አራቱ ነገሥታት በሕይወት ሳሉ የተያዩ ስለሆኑ እዚህ ላይ ይብቃ ብሎ ራብዓዊ ራማ እንደወሰነ ይነገራል። የቀዳማዊ ራማ አመድ ከፊሉ ደግሞ በዋናው ቤተ መቅደስ ውስጥ ከተቀመጠው ቡድሃ መንበር ሥር ነው። የአሁኑ ንጉሥ በግንቦት 2019 ዘውድ በጫነ ማግሥት በከተማው በሰልፍ ዞሮ ከተሳለማቸው ገዳማት አንዱ ዋት ፖ የሆነውም በከንቱ አይደለም።

ሣልሳዊ ራማና የድንጋዩ ትምህርት ቤት

ዋት ፖን ዋት ፖ ያደረገው ከ1824 እስከ 1851 የነገሠው ሣልሳዊ ራማ ነው። ይህን የምለው ያለ ማመንታት ነው። እድሳቱ 16 ዓመት ከ7 ወር ወሰደ፤ ይኼም ተቆጥሮ ተጽፏል። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው አብዛኛው ነገር የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ንጉሡ አልጋ ከመውረሱ በፊት ከቻይና ጋር የሚደረገውን የመርከብ ንግድ ይመራ ነበር። ግቢው ውስጥ ቻይና የበዛው ለዚያ ነው። ግድግዳና ጉልላት ላይ ያሉት አበቦች በቅርብ ሲታዩ የተሰባበረ ሸክላ ናቸው፤ የሲኒና የሳህን ቁርጥራጭ ተለቅሞ ቅጠልና አበባ ሆኗል። በየበሩ ጎራዴ ይዘው የቆሙት የድንጋይ ዘበኞችም ከቻይና የመጡ ናቸው። ጭነታቸውን አራግፈው የሚመለሱት መርከቦች ማዕበል እንዳያንገላታቸው ለክብደት የተጫኑ ነበሩ ይባላል፤ ሳይሆን አይቀርም። ረጅም ባርኔጣ የደፉትን ሐውልቶች አስጎብኚዎች "ማርኮ ፖሎ" ይሏቸዋል። ይህ ግን ተረት ነው። ማርኮ ፖሎ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ያ ዓይነት ባርኔጣ በሱ ጊዜ ገና አልተሰፋም። የቻይና ጠራቢ ወደብ ላይ ያየውን ፈረንጅ ቀርጾ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። በዚያ ዘመን በሲያም፣ በዛሬዋ ታይላንድ፣ መጽሐፍ ማተሚያ ገና እግሩን መትከሉ ነበር። እውቀት የሚገኘው በብራና መሰል የዘንባባ ቅጠል ላይ፣ ወይም በቤተሰብ ምስጢር ነበር። መድኃኒት አዋቂ ለልጁ ብቻ ይነግራል፤ ልጅ ከሌለው አብሮት ይቀበራል። ይኼ እኛም ሀገር የማይታወቅ ነገር አይደለም። ሣልሳዊ ራማ ሐኪሞቹን፣ ባለቅኔዎቹን፣ ጠቢባኑን ሰብስቦ የሚያውቁትን እንዲያወጡ አደረገ። የወጣው ተመርምሮ እብነ በረድ ላይ ተቀረጸ፤ ድንጋዩም በየአዳራሹና በየደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማንም ማንበብ የሚችል ሰው መጥቶ ቆሞ ያነባል። መግቢያ የለ፣ ክፍያ የለ፣ ዘር አይጠየቅ።

የተቀረጹት ከ1,400 በላይ ናቸው። የሕክምና ጽሑፍ አለ፣ የግጥም ሕግ አለ፣ የቡድሃ ደቀ መዛሙርት ገድል አለ፣ የገዳሙ የራሱ ታሪክ አለ፣ ምሳሌና ምክር አለ። እኔን ከሁሉ የሳበኝ ግን የ32 ሕዝቦች ግጥም ነው። ለእያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ምስልና መልኩንና አለባበሱን የሚገልጽ አንድ ግጥም ተሠርቶለት ነበር። ጃፓኑ አለ፣ አረቡ አለ፣ ፈረንሳዩ አለ፣ ታታሩ አለ፣ አፍሪካዊም አለበት። ምስሎቹ ጠፍተዋል፤ ግጥሞቹ ቀርተዋል። ከባንኮክ ሳይወጣ ዓለምን ማየት ለሚፈልግ የዚያ ዘመን ልጅ አትላሱ ይኼ ነበር።

በዚህ ምክንያት ዋት ፖን "የታይላንድ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ" ማለት የተለመደ ነው። ዲግሪ እስካልሰጠ ድረስ ዩኒቨርሲቲ አይባልም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ስሙን አልነፍገውም። ዩኔስኮም ድንጋዮቹን በ2011 በዓለም የትዝታ መዝገብ አስፍሯቸዋል።

ከቅኔው ሰዎች አንዱን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ልዑል ፓራማኑቺት ቺኖሮት የቀዳማዊ ራማ ልጅ ነው፤ በ1790 ተወለደ። በልጅነቱ መንኩሶ ዕድሜውን በሙሉ እዚህ ኖረ። የገዳሙ አበምኔት ሆነ፤ በ1851 ደግሞ የሀገሪቱ መነኮሳት ሁሉ አለቃ፣ እኛ ፓትርያርክ እንደምንለው፣ ሆኖ ተሾመ። በ1853 አረፈ። እንደ ባለቅኔ ዛሬም ታይ ተማሪ ቤት ውስጥ ይጠናል። ቤተ መንግሥት ተወልዶ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ማዶ ባለ ክፍል ግጥም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው።

ከሣልሳዊ ራማ ሞት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ይህ ነው የሚባል ትልቅ ለውጥ አልተደረገም፤ በ1982 የባንኮክ 200ኛ ዓመት ሲቃረብ ግን ግቢው በሰፊው ታደሰ።

የተኛው ቡድሃ

ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር ነው። ውስጡ ጡብ ነው፤ በላዩ ኖራ ተለስኖ በወርቅ ቅጠል ተሸፍኗል። የተሠራው በ1832 ነው። ቡድሃ በቀኝ ጎኑ ጋደም ብሎ፣ ራሱን በእጁ ደግፎ ከዚህ ዓለም ሊለይ ሲል ያሳያል። ፊቱ ላይ ግን ሞት የለም፤ ፈገግታ ነው።

አዳራሹ ጠባብ ነው። ሐውልቱ መጀመሪያ ተሠርቶ ቤቱ በኋላ በላዩ የተሠራ ስለሆነ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሙሉውን ማየት አይቻልም። ዓምድ በዓምድ መሃል ነው የሚታየው። መጀመሪያ ግንባር፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ ማለቂያ የሌለው ጎን። ሁሉም ሰው ስልኩን ወደ ላይ አንጋጥጦ ይዟል።

የእኔ ምክር ቶሎ ወደ እግሩ መሄድ ነው። የውስጥ እግሩ 3 ሜትር ከፍታ አለው። ጥቁር ሆኖ በሚያብለጨልጭ ዛጎል ተለብጧል። 108 ክፍል አለው፤ በየክፍሉ የቡድሃ መለያ የሚባሉት ምልክቶች አሉ፦ ነጭ ዝሆን፣ ነብር፣ አበባ። መሃሉ ላይ ክብ መንኮራኩር አለ። አሥሩም ጣቶች እኩል ናቸው። ሠራተኛው ስላልቻለ አይደለም፤ የጣት እኩልነት ከቡድሃ ምልክቶች አንዱ ነው።

በጀርባው በኩል 108 የነሐስ ማሰሮዎች በረድፍ ተደርድረዋል። በሩ አጠገብ ጥቂት ባህት ሰጥተው ሳንቲም ያዘረዝራሉ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ማሰሮ ሳይዘሉ፣ እየጣሉ መሄድ ነው። የብዙ ሰው ሳንቲም ባንድ ላይ ሲወርድ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲጀምር ያለውን ድምፅ ይሰጣል። መጨረሻው ላይ ሳንቲም አነሰኝ የሚል፣ አምስት ተረፈኝ የሚል አይጠፋም። ገንዘቡ ለገዳሙ ጥገና ይውላል።

ታይዎች ሰው የተወለደበትን የሳምንት ቀን አጥብቀው ይይዛሉ። ለየቀኑ የተመደበ የቡድሃ አቀማመጥ አለ። የተኛው የማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የተወለዳችሁ ቤታችሁ መጥታችኋል።

ወጌሻዎቹ

ማሳጅ ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ፈገግ የሚል አይጠፋም። ዋት ፖ ላይ ነገሩ ከወጌሻ ሥራ ጋር ነው የሚቀራረበው። ልብስ አይወልቅም፤ ሰፊ ሱሪና ሸሚዝ ይሰጣል። ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ባለሙያዋ በአውራ ጣቷ፣ በክርኗ፣ በጉልበቷ ጭምር "ሰን" የሚሏቸውን መስመሮች ተከትላ ትጫናለች፤ ከዚያ እግር ታጥፋለች፣ ወገብ ትጠመዝዛለች። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሴትዮዋ ከእኔ በግማሽ ታንሳለች። ባቴ ላይ ስትደርስ "እግዚኦ" አልኩ፤ በደንብ ገባት መሰለኝ ሳቀች፣ ግን አላቆመችም።

እውቀቱ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው። በሣልሳዊ ራማ ዘመን 60 የእብነ በረድ ሠሌዳዎች ተቀርጸዋል፤ 30 የሰውነትን የፊት ገጽ፣ 30 የጀርባውን ያሳያሉ። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ከየመገጣጠሚያው መስመር ይወጣል፣ በየመስመሩ ጫፍ ደግሞ የትኛው ሕመም በየት በኩል እንደሚነካ ተጽፏል። ከዚህ ሌላ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱ የባሕታውያን ሐውልቶች አሉ፤ አንዱ እግሩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ጓደኛው ጀርባው ላይ ወጥቶበት። በ1836 ግድም ከዚንክና ከቆርቆሮ ቅልቅል 80 ያህል ተሠርተው ነበር። ዛሬ 20 ምናምን ቀርተዋል። በግቢው ውስጥ በተከመሩ ትንንሽ የድንጋይ ተራሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰው ቡድሃውን ለማየት ሲሮጥ ሳያያቸው ያልፋል።

የጥበቡ ምንጭ ከየት ነው የሚለው ያከራክራል። ታይዎቹ አባቱ የቡድሃ ሐኪም የነበረው ህንዳዊው ጂቫካ ነው ይላሉ፤ የቻይና እጅ አለበት የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሳይኖርበት አይቀርም።

በ1955 በገዳሙ ውስጥ የባህል ሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዛሬ ከየሀገሩ ሰው እየመጣ ይማርበታል። በታኅሣሥ 2019 ኮሎምቢያ ቦጎታ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ስብሰባ የታይ ማሳጅ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ተመዝግቧል። በዚያው ስብሰባ የእኛም ጥምቀት ተመዝግቧል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ አዳራሽ።

ለሚሄድ ሰው

ገዳሙ ከታላቁ ቤተ መንግሥት በስተ ደቡብ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግቢው ወደ 80,000 ካሬ ሜትር ይሰፋል። የቼቱፖን መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሰሜኑ ለጎብኚ ክፍት ነው፣ ደቡቡ የመነኮሳቱ መኖሪያና ትምህርት ቤት ነው። ከ2019 ጀምሮ የሳናም ቻይ የባቡር ጣቢያ አጠገቡ ስላለ የትራፊክ መጨናነቅ ሰበብ አይሆንም። በወንዝ የሚመጣ ታ ቲየን ወደብ ላይ ይወርዳል።

ለውጭ ሰው መግቢያው 200 ባህት ነበር፤ በ2024 ወደ 300 ከፍ ብሏል። በሩ የሚከፈተው ጠዋት በ2 ሰዓት ነው። አዎ፣ በእኛው 2 ሰዓት። ደግሞ ታይዎቹም በለመዱት የአነጋገር ዘዴ ይህንኑ ሰዓት "የጠዋት ሁለት" ሊሉት ይችላሉ፤ የማታ 2 ሰዓትም እንደኛው ሁለት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንደገና ከአንድ ስለሚጀምሩ እዚያ ላይ እንለያያለን። በጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱም ሰዉም አይቻልም።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ቤተ ክርስቲያን የለመደ ሰው ነጠላውን ይዞ ቢወጣ ጨረሰ። ሕንፃ ውስጥ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ይኼም ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ሲቀመጡ የእግርን መዳፍ ወደ ቡድሃ አለማዞር ነው፤ እግር አጥፎ ወደ ጎን መቀመጥ ነው። ሴት ልጅ መነኩሴን አትነካም፤ ዕቃ እንኳ በእጁ አትሰጠውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከበሩ ራቅ ብሎ ጥሩ የለበሰ ሰው "ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው" ቢላችሁ አትመኑት። ቀጥሎ የሚመጣው በ20 ባህት ከተማውን ላዙራችሁ የሚል ባጃጅ ነው፤ መጨረሻው የጌጣጌጥ ሱቅ። በፈገግታ አልፎ በሩ ድረስ ሄዶ ማየት ነው።

ሲጨርሱ ከታ ቲየን በጥቂት ባህት በጀልባ ማዶ መሻገር ይቻላል፤ ዋት አሩን እዚያ ነው። ስለ ወደቡ የሚነገር ተረት አለ። የዋት ፖ ግዙፍ ዘበኛ ከዋት አሩን ግዙፍ ገንዘብ ተበደረ። ቀኑ ሲደርስ አልከፍልም አለ። አበዳሪው ወንዙን ተሻግሮ መጣና ተያያዙ፤ ሲረጋገጡ አካባቢው ዛፍ ሳይተርፈው ሜዳ ሆነ። "ቲየን" የሚለው ስም ከዚያ መላጣነት መጣ ይላሉ። ዕዳው ስለመከፈሉ ተረቱ ምንም አይልም። ጀልባው ግን በየጥቂት ደቂቃው ይመላለሳል።